የማርስን የውሃ ፈለግ ከምሕዋር ምስል ማንበብ፦ ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያዬ «ወንዝ» ወንዝ አልነበረም። ሁለት ሌሊት ሙሉ ኮምፒውተሬ ላይ ተደፍቼ፣ በማርስ ደቡባዊ ደጋ ላይ የተጋደመ ረጅም መስመር በቀይ ቀለም ስከተል አነጋሁ። ርዝመቱን ሳሰላ ከሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ፤ ደስታዬን አልቻልኩትም። በሦስተኛው ቀን የከፍታ ካርታውን ከሥሩ ሳነጥፍበት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። መስመሬ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ በወዲያኛው ግድግዳ ይወጣል፣ ኮረብታ ይሻገራል፣ እንደገና ይወርዳል። ውሃ እንዲህ አይሄድም። ስከተለው የከረምኩት ሲሬነም ፎሴ የሚባለውን፣ መሬት ተሰንጥቆ መሃሉ የሰመጠበትን፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ስምጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መሃሉን አይቼ መፍረድ ትቻለሁ። ውሃም፣ ላቫም፣ የመሬት ስንጥቅም ረጅምና ጠባብ ጎድጓዳ ነገር መሥራት ያውቁበታል፤ ወገባቸው ሲታይ ወንድማማቾች ናቸው። የሚለያዩት ራሳቸውና ጅራታቸው ላይ ነው፦ ከየት ተነሡ? የት አለቁ? በመካከል ቁልቁለቱን ጠብቀዋል ወይ? ከታች ያለው ሁሉ በእነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ የተሠራ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ብቻ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

ስለ ቃሉ ጥቂት

በ1877 ጣሊያናዊው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ በቴሌስኮፕ ያያቸውን መስመሮች «ካናሊ» አላቸው። በጣሊያንኛ ቃሉ ተፈጥሮ የሠራችውንም ሰው የቆፈረውንም ይሸፍናል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን ሰው የቆፈረው ብቻ ተረፈ፤ አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌልም የማርስ ነዋሪዎች መስኖ ሲያወጡ እስኪታየው ድረስ ሄደበት። በ1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር በማርስ አጠገብ ስታልፍ ያነሳችው ፎቶ ጉድጓድ የሞላበትን ምድረ በዳ ነው፤ ከመስመሮቹ አንድም አልተገኘም። እውነተኞቹ የወንዝ አሻራዎች የታዩት በ1971 መጨረሻ ማሪነር 9 ማርስን መዞር ጀምራ፣ ፕላኔቷን የሸፈነው የአቧራ ማዕበል ከረገበ በኋላ ነው። ከስኪያፓሬሊ መስመሮች ጋር ዝምድና የላቸውም።

በአማርኛም ብንሆን «ቦይ» ስንል ዶማና የመስኖ ገበሬ ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው። እኔ «ፈለግ» የሚለውን እመርጣለሁ። በግዕዝ ወንዝ ማለት ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ዱካ፣ «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» እንደምንለው። ወንዙ ሄዶ ዱካው ለቀረበት ነገር ከዚህ የሚሻል ቃል አላገኘሁም። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ፈለግ ማለት ፈሳሽ የሄደበት መንገድ ነው፣ ሸለቆ ፈለጉን የያዘው ሰፊ ጎድጓዳ፣ ቦረቦር ገደል ላይ የሚታየው ትንሹ የጎርፍ ቁፋሮ የሚመስል ነገር፣ ስምጥ ደግሞ መሬት ተሰንጥቆ የወረደበት።

ደረጃ 1፦ መሣሪያውን አዘጋጁ

ለጀማሪ ጉግል ኧርዝ ፕሮ ይበቃል። በነጻ ይወርዳል፤ ከላይ ባለው የመሣሪያ መስመር ላይ ቀለበት ያላት ፕላኔት የምትመስለውን ምልክት ስትጫኑ ማርስን እንድትመርጡ ያደርጋችኋል። ጠቋሚውን መሬቱ ላይ ስታሳርፉ ከታች በኩል ከፍታውን ይነግራችኋል። ከዚያ ማለፍ የፈለገ ጄማርስን ያውርድ፤ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ ተመራማሪዎችም ይሠሩበታል። መጀመሪያ ላይ ፊቱ ይከብዳል። ሳምንት ስጡት።

የምታዩት ምስል ከየትኛው ካሜራ እንደመጣ ማወቅ ግድ ነው። ማርስ ሪኮኔሰንስ ኦርቢተር የተባለችው ሳተላይት ከ2006 ጀምሮ ማርስን ስትዞር ሁለት የሚጠቅሙን ካሜራዎች ይዛለች። ሲቲኤክስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቁራጭ ያነሳል፣ አንዱ ፒክሰል (ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ነጥብ) 6 ሜትር ነው። ሃይራይዝ ስፋቱ 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ነገር ግን አንዱ ፒክሰል እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ የጠረጴዛ ያህል ቋጥኝ ይታይበታል። ከ2001 ጀምሮ እዚያ ያለችው ማርስ ኦዲሲ ደግሞ ቴሚስ የተባለ ሙቀት የሚያይ ካሜራ አላት፣ ፒክሰሉ 100 ሜትር። ለከፍታ ሞላ የተባለው የጨረር መለኪያ የሠራው ካርታ አለ፤ አንዱ ፒክሰሉ ወገብ መስመር አካባቢ 463 ሜትር ነው።

ሥራው ከሰፊው ወደ ጠባቡ ነው። በሞላ አገሩን እዩ፣ በቴሚስ ሰፈሩን፣ በሲቲኤክስ ግቢውን፣ በሃይራይዝ ደጃፉን። ብዙ ሰው በሃይራይዝ ይጀምርና ይጠፋል፤ አንድን ወንዝ አንዲት ጠጠር ላይ ቆሞ መፈለግ ነው። ደግሞም የሃይራይዝ ሙሉ ፋይል ብዙ መቶ ሜጋባይት ይመዝናል። የሞባይል ፓኬጅ ገዝታችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ትንሹን የማሳያ ቅጂ ክፈቱ፤ እኔ የአንድ ወር ፓኬጅ በአንድ ምሽት የጨረስኩበት ጊዜ አለ፣ ምስሉም የፈለግሁት ቦታ አልነበረም።

ደረጃ 2፦ ልኩን ያዙ

ማርስ ላይ ወገብ መስመር አካባቢ አንድ ዲግሪ 59 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህችን ቁጥር ካርታው ጥግ ላይ ጻፏት። ቀጥሎ ደግሞ አንድን ነገር ቅርጹን ለይታችሁ ለመናገር ቢያንስ አምስት ፒክሰል ያህል ስፋት ሊኖረው እንደሚገባ ያዙ። በሲቲኤክስ ይህ 30 ሜትር ነው። ስለዚህ «በሲቲኤክስ 10 ሜትር ስፋት ያለው ጅረት አየሁ» የሚል ሰው ሁለት ፒክሰል ነው ያየው።

ደረጃ 3፦ ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ጉድጓዱን ጉብታ፣ ጉብታውን ጉድጓድ ያደርጋል። ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንዲመጣ ስለለመደ፣ ከታች ወይም ከጎን ሲመጣበት ይገለብጠዋል። አንዴ ከተገለበጠ ደግሞ መመለስ ያቅታል።

ማርስ ሪኮኔሰንስ ኦርቢተር የምታልፈው በቦታው ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች ማለት ነው፤ ሰሜን ወደ ላይ በሆነበት ምስል ላይ ብርሃኑ ከግራ ይመጣል። ስለዚህ ጎድጓዳ ነገር ሲሆን የግራ ግድግዳው ጨለማ፣ የቀኙ ብሩህ ይሆናል። ጉብታ ከሆነ ተቃራኒው ነው። ዓይናችሁ እምቢ ካለ በምስሉ ውስጥ አንድ ክብ የግጭት ጉድጓድ (ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረውን) ፈልጉ፤ እሱ ጉድጓድ መሆኑን ታውቃላችሁና ዓይናችሁን እሱ ላይ አሳርፋችሁ ጠብቁ። መሬቱ ሲገለበጥ ይሰማችኋል። ምስሉን ለማማር ብላችሁ አታዙሩት፤ ሰሜን ወደ ላይ ይቅር።

ጥላው ጥልቀትም ይነግራችኋል። ከእያንዳንዱ የሃይራይዝ ምስል ጋር የብርሃኑ ማዘንበያ ማዕዘን ይጻፋል፤ ከ90 ላይ ስትቀንሱት ፀሐይ ከአድማስ ያላትን ከፍታ ታገኛላችሁ። ማዕዘኑ 60 ከሆነ ፀሐይ 30 ዲግሪ ላይ ናት። ከገደሉ ጫፍ የወረደው ጥላ ጠፍጣፋ ወለል ላይ 120 ሜትር ከሸፈነ፣ በ30 ዲግሪ ታንጀንት፣ ማለትም በ0.577 ስታባዙት 70 ሜትር ገደማ ይመጣል። የገደሉ ቁመት ይኸው ነው። ልብ በሉ፣ ጥላውን የምትለኩት ፀሐይ በምታበራበት አቅጣጫ እንጂ እንደተመቻችሁ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ራሱን ፈልጉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ያገኛችሁትን ፈለግ ወደ ላይ፣ ወደ ከፍታው ተከተሉት። መጨረሻ ላይ የምታገኙት ነገር ከሚከተሉት አንዱን ይመስላል።

እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠነ፣ እየተከፋፈለ፣ ተራራው ወገብ ላይ ደርሶ የሚጠፋ ከሆነ የገባር ወንዞች መረብ ነው። ዝናብ ወይም የበረዶ ቅላጭ በሰፊ መሬት ላይ ወርዶ ካልተሰበሰበ እንዲህ ያለ መረብ አይሠራም። በደቡባዊው ደጋ ላይ የሚበዙት እነዚህ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው።

ራሱ ክብ ሆኖ፣ እንደ ቲያትር አዳራሽ ቀጥ ባለ ገደል የሚዘጋ፣ ገባሮቹም አጫጭርና ጥቂት ከሆኑ ነገሩ ይከብዳል። ኒርጋል ቫሊስ (ቫሊስ በላቲን ሸለቆ ማለት ነው) ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ጎኑ ላይ ያሉት ገባሮች የተቆረጡ ጣቶች ይመስላሉ። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለው ራስ ከመሬት ውስጥ የሚመነጭ ውሃ ገደሉን ከሥሩ እየበላ የሠራው ነው ይባል ነበር። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ያለውና ለዚህ አባባል ምሳሌ ይሆን የነበረው ቦክስ ካንየን በ2008 በታተመ ጥናት የጥንት ታላቅ ጎርፍ ሥራ መሆኑ ሲታወቅ ሙግቱ ተከፈተ። ስለዚህ «ክብ ራስ» ብላችሁ መዝግቡ እንጂ «ምንጭ» ብላችሁ አትጻፉ።

ሦስተኛው ዓይነት ሲያዩት ያስደነግጣል። ፈለጉ ገና ከመነሻው አሥር፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፣ ገባር የሚባል የለውም፣ የሚነሣውም መሬቱ ሰምጦ እንደተሰባበረ ሸክላ ከተፈረካከሰበት ገንዳ ነው። ይህን የተፈረካከሰ መሬት ተመራማሪዎች ኬዮስ ይሉታል። ከምድር በታች የነበረ ውሃ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ሲወጣ ጣሪያው የተደረመሰበት ነው ተብሎ ይታሰባል። ኤሪስ ቫሊስ ከእንዲህ ያለው መሬት ተነሥቶ ወደ ክራይሲ ሜዳ ይወርዳል። ገባር ሳይሰበስብ ከመነሻው ይህን ያህል የሰፋ ወንዝ ምድር ላይ አናውቅም፤ ጎርፍ ግን እናውቃለን። በ1923 ሃርለን ብሬትዝ የዋሽንግተን ግዛትን የተቦጨቀ መሬት አይቶ «ይህ የአንድ ግዙፍ ጎርፍ ሥራ ነው» ሲል ባልደረቦቹ ለአሥርት ዓመታት አላመኑትም። በኋላ በበረዶ ግድብ ታጥሮ የነበረው የሚዙላ ሐይቅ ግድቡን ሰብሮ መውጣቱ ሲረጋገጥ ብሬትዝ ትክክል ሆነ። የማርስን ጎርፎች የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም ወደዚያ መሬት ሄደው ነው የሚማሩት።

አራተኛው ከእሳተ ገሞራ አፍ ወይም ከስንጥቅ የሚነሣ ነው። እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ላቫ ሊሆን ይችላል። አምስተኛው ራስም የለው፣ መነሻም የለው፣ ዝም ብሎ ይጀምርና ከአጠገቡ ካሉ ሌሎች መስመሮች ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። የእኔ ሲሬነም ፎሴ እንዲህ ነበር። ስምጥ ሸለቆ አቋርጦ በሚያልፍበት አገር አድጌ ስምጡን አለማወቄ እስካሁን ያስቀኛል።

ደረጃ 5፦ ቁልቁለቱን ፈትኑ

በጄማርስ ወይም በጉግል ኧርዝ ፕሮ ላይ ፈለጉን ተከትላችሁ በየ10 ኪሎ ሜትሩ የወለሉን ከፍታ ጻፉ። ጠርዙን ሳይሆን ወለሉን። በ200 ኪሎ ሜትር ውስጥ 400 ሜትር ከወረደ ቁልቁለቱ በኪሎ ሜትር 2 ሜትር ነው፤ ይህ ለወንዝ ያምራል። ቁጥሮቹ የአሉታ ምልክት ቢኖራቸው አትደናገጡ። ማርስ ባሕር የላትምና ዜሮው በስምምነት የተመረጠ ልክ ነው፤ የጄዜሮ ጉድጓድ ወለል ለምሳሌ ከዜሮው 2,600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል።

ከፍታው እየወረደ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጉብ ካለ ወዲያው አትጣሉት። በኋላ የወደቀ ድንጋይ አቧራውን አፍሶበት፣ ወይም ነፋስ አሸዋ ቆልሎበት ይሆናል። ታርሲስ የተባለው ግዙፍ የእሳተ ገሞራ ደጋ ሲያብጥ አካባቢውን ስላዘነበለው፣ አንዳንድ ጥንታዊ ፈለጎች የዛሬውን ቁልቁለት አይከተሉም። ነገር ግን መስመሩ ደጋግሞ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ፣ ያ ውሃ አይደለም፤ ጉዳዩን ዝጉት።

ደረጃ 6፦ ጅራቱ የት ገባ?

ከሁሉም ይህን ደረጃ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ፈሳሹ የተሸከመውን የሚያራግፈው እዚህ ነው። ውሃ ከሆነ ደለል ይተዋል።

ጉግል ኧርዝ ፕሮ ላይ 18.4 ዲግሪ ሰሜን፣ 77.5 ዲግሪ ምሥራቅ ጻፉና ግቡ። 45 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የጄዜሮ ጉድጓድ ይመጣላችኋል። ስሙ በቦስኒያ ካለች ትንሽ ከተማ የተወሰደ ነው፤ በስላቭ ቋንቋዎች ሐይቅ ማለት ነው። አሁን በምዕራብ በኩል ያለውን ጠርዝ እዩ። ኔሬትቫ ቫሊስ የተባለው ፈለግ፣ 400 ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት፣ ጠርዙን ሰብሮ ይገባል። ከገባ በኋላ ወዲያው የተዘረጋ እጅ መዳፍ የሚመስል ደለል አለ። ዴልታ ነው፤ ወንዝ ሐይቅ ወይም ባሕር ሲገባ የሚዘረጋው ደለል። ቀረብ በሉ። የመዳፉ ፊት ቁልቁል ተቆርጦ ገደል ሆኗል፣ ነፋስ በልቶታል፤ በሃይራይዝ ስታዩት በገደሉ ላይ ስስ ንብርብሮች እንደ ተደራረበ እንጀራ ጠርዛቸውን ያሳያሉ። በዴልታው ገጽ ላይ ደግሞ የተጠማዘዙ የፈለግ ዱካዎች አንዱ ሌላውን ቆርጦ ሲያልፍ ታያላችሁ። ወንዙ አንዱን መንገድ በደለል ሲደፍን ወደ ሌላው ዞሯል ማለት ነው። ይህን አንድ ቀን የወረደ ጎርፍ አይሠራውም።

ግን ሐይቅ እንደነበር በምን እናውቃለን? በምሥራቅ በኩል ዙሩ። ፕሊቫ ቫሊስ የሚባል ሌላ ፈለግ ጠርዙን ሰብሮ ወደ ውጭ ይወጣል። መግቢያ ብቻ ያለው ጉድጓድ ውሃ ይግባበት አይግባበት ልንከራከር እንችላለን፤ መውጫ ያለው ግን እስከ አፉ ሞልቶ ካልፈሰሰ መውጫውን ሊቆፍር አይችልም። ይህ ክርክር በ2005 ከምሕዋር ምስል ብቻ ቀረበ። ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ በየካቲት 2021 እዚያ ያረፈችው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ2024 ደግሞ ኔሬትቫ ቫሊስ ውስጥ ገብታ ድንጋይ ስትቆፍር ነበር።

ጅራቱ ሲያታልልም አይቻለሁ። ማዕዲም ቫሊስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ማዕዲም ማርስ በዕብራይስጥ የምትጠራበት ስም ነው። (የማርስ ትላልቅ ፈለጎች ማርስ በተለያዩ ቋንቋዎች ባላት ስም ይጠራሉ፤ ካሴይ ጃፓንኛ ነው፣ ማንጋላ ሳንስክሪት፣ አል ቃሂራ ዓረብኛ። ትንንሾቹ የምድር ወንዞችን ስም ይወርሳሉ።) ማዕዲም ራሱም ያማረ፣ ቁልቁለቱም የቀና ነው፤ ጅራቱ ጉሴቭ የተባለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። በጥር 2004 ስፒሪት የተባለችው ተሽከርካሪ የሐይቅ ደለል ለማግኘት እዚያ አረፈች። መንኮራኩሯ ሥር ያገኘችው ግን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ወንዙ አልዋሸም፤ ላቫ በኋላ መጥቶ ወለሉን አልብሶታል። ከምሕዋር የምናየው የላይኛውን ልብስ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ሸለቆውንና ፈለጉን አትቀላቅሉ

ጀማሪ የሸለቆውን ስፋት ይለካና «ሦስት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ወንዝ» ብሎ ይጽፋል። ዓባይ በረሃን አስቡት። ከአፋፍ እስከ አፋፍ ያለው ስፋትና ከታች የሚፈሰው ውሃ ስፋት አይገናኙም። ሸለቆው የብዙ ዘመናት ቁፋሮ ነው፤ ውሃው የሞላው ከታች ያለችውን ጠባብ መንገድ ብቻ ነው።

ማርስ ላይ ያቺ ጠባብ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በአሸዋ ተቀብራለች። ናኔዲ ቫሌስ ላይ ግን ማርስ ግሎባል ሰርቬየር የተባለችው ሳተላይት በ1998 ባነሳችው አንድ ዝነኛ ምስል ላይ ታየች፦ ሸለቆው 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በወለሉ ላይ የምትታየው ፈለግ 200 ሜትር ገደማ። የውሃውን መጠን ለማስላት የሚገባው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ በመጀመሪያው ብታሰሉ ውጤቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ይነፋል። ፈለጉ ከተቀበረና ጠመዝማዛዎቹ ብቻ ከቀሩ አንድ መላ አለ። በወንዝ ላይ አንድ ሙሉ ጥምዝ፣ ከአንዱ ማጠፊያ እስከ ሚቀጥለው ተመሳሳይ ማጠፊያ፣ የፈለጉን ስፋት ከ10 እስከ 12 ጊዜ ያህል ይረዝማል። ጥምዙ 2 ኪሎ ሜትር ከሆነ ፈለጉ ከ170 እስከ 200 ሜትር ነበር ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ። ግምት ነው፣ ጻፉት፣ ግን ግምት ብላችሁ።

ደረጃ 8፦ ወንዝ መሳዮቹ

ላቫ ከሁሉ የከፋው ነው። ሩቅ ሳንሄድ ቬነስን እናንሣ። ማጄላን የተባለችው መንኮራኩር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በራዳር ባነሳችው ካርታ ላይ ባልቲስ ቫሊስ የሚባል ፈለግ 6,800 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል፤ ከዓባይ ወንዝ ይረዝማል። የቬነስ ገጽ 460 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፣ ውሃ ጠብታ የለበትም። መጠማዘዝ ብቻውን የውሃ ምስክር እንዳልሆነ ለሚጠራጠር ሰው ይህን ነው የማሳየው። ጨረቃም ላይ አፖሎ 15 በ1971 ያረፈችበት የሃድሊ ፈለግ የላቫ ነው።

ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ላቫ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ሲሄድ ይጠባል፣ ይሳሳል፤ ወንዝ ገባር እየተቀበለ ይሰፋል። ላቫ በዳርና ዳር ግንብ የሚመስል ክምር ይተዋል። ጅራቱ ላይ ዴልታ ሳይሆን ጫፉ ከፍ ያለ፣ እንደ ፈሰሰ ሊጥ ዳሩ የተጠቀለለ ሜዳ ታገኛላችሁ። አንዳንዴ ግን ሁለቱም ይኖራሉ። አታባስካ ቫሌስ ከሰርበረስ ፎሴ ስንጥቆች ይነሣል፣ ውስጡም ጎርፍ የቀረጻቸው የሚመስሉ ደሴቶች አሉት፤ ሃይራይዝ በቅርብ ሲያየው ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ስስ ላቫ ለብሶ ተገኘ። ማን ቆፈረው፣ ማን አለበሰው የሚለው ክርክር አልተዘጋም።

ደሴቶችን ካነሳን፣ ኤሪስ ቫሊስ አፍ አካባቢ ያሉትን ሳታዩ አትለፉ። ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላቸው የግጭት ጉድጓዶች እንደ ጋሻ ቆመው ጎርፉን ከፍለውታል፤ ከኋላቸው መሬቱ ሾጥጦ የእንባ ጠብታ ሠርቷል። ድፍኑ ጎን ጎርፉ የመጣበት፣ ሹሉ ጎን የሄደበት ነው። አቅጣጫውን ለማወቅ ከፍታ እንኳ መለካት አያስፈልግም።

ተራርቀው የሚታዩ፣ ገደል ላይ የተለጠፉ ጥቁር መስመሮች ደግሞ ፈለግ አይደሉም። ጥላ የላቸውም፤ አብዛኞቹ አቧራ ተንሸራቶ የሠራቸው ናቸው። ቦረቦሮች ግን ጥላ አላቸው። ሦስት ክፍል ፈልጉ፦ ከላይ የተቦደሰ ራስ፣ መሃል ጠባብ መውረጃ፣ ከታች የደለል ክምር። በ2000 ዜናቸው ሲወጣ የቅርብ ጊዜ ውሃ ተባሉ። እየተደጋገሙ ሲነሡ ግን ዛሬም የሚለወጡት በክረምት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አመዳይ በሚጥልበት ወቅት መሆኑ ታየ። ስለዚህ የቦረቦር ቅርጽ አይታችሁ «ውሃ» ለማለት አትቸኩሉ።

አንድ የመጨረሻ አስቸጋሪ አለ፤ የተገለበጠ ፈለግ። ወንዙ ወለሉን በጠጠር ይሞላዋል፣ ጠጠሩ ይጠነክራል፣ ከዚያ ነፋስ ዙሪያውን ያለውን ለስላሳ መሬት ይበላና ወንዙ እንደ ተረተር ከፍ ብሎ ይቀራል። በአሜሪካ ዩታ ግዛትና በኦማን በረሃ ውስጥ በምድር ላይም ይታያሉ። ደረጃ 3ን በደንብ ያልሠራ ሰው እነዚህን ጉድጓድ ብሎ ያልፋቸዋል። በጨለማውና በብርሃኑ ጎን ብቻ ነው የሚያዙት። የቴሚስ የሌሊት ምስል እዚህ ላይ ይረዳል፤ ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ስለሚይዝ ሌሊት ይበራል፣ አቧራ ቶሎ ስለሚበርድ ይጨልማል።

ደረጃ 9፦ ዕድሜውን በግርድፉ ገምቱ

የግጭት ጉድጓድ የበዛበት መሬት አሮጌ ነው። ፈለጉ ጉድጓዱን ከቆረጠ ፈለጉ ታናሽ ነው፤ ጉድጓዱ ፈለጉ ላይ ከተቀመጠ ፈለጉ ታላቅ ነው። ከዚህ ዝርዝር በላይ ቁጥር መስጠት የራሱ ሙያ ነው፤ ጀማሪ ቅደም ተከተሉን ብቻ ቢጽፍ ይበቃዋል።

ደረጃ 10፦ ያየኸውንና ያሰብከውን ለየብቻ ጻፍ

ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ አድርጉ። በግራ «ክብ ራስ፣ ገባር ሁለት፣ ቁልቁለት በኪሎ ሜትር 3 ሜትር፣ ጅራቱ በአሸዋ ተሸፍኗል»። በቀኝ «ውሃ ይመስለኛል፣ በከፊል»። ከዓመት በኋላ አዲስ ምስል ሲመጣ ግራው ይቆያል፣ ቀኙ ይሰረዛል። የእኔ ደብተር ቀኝ ዓምድ ስርዝ ድልዝ ሆኗል፣ በግራው ግን ዛሬም እሠራበታለሁ።

ለልምምድ ከወገብ መስመር ትንሽ ወደ ደቡብ፣ 317 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ግቡና አሮማተም ኬዮስን ፈልጉ። ከምሥራቅ ጎኑ ራቪ ቫሊስ ይነሣል፤ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል። መጀመሪያ ብርሃኑን አጣሩ፣ ከዚያ ራሱን፣ ከዚያ በየ10 ኪሎ ሜትሩ የወለሉን ከፍታ። ጅራቱ ላይ ስትደርሱ ዴልታ አትጠብቁ። ፈለጉ በሌላ የተፈረካከሰ መሬት ተቆርጦ ታገኙታላችሁ፤ የትኛው እንደቀደመ በግራ ዓምድ ጻፉ።